የማያሞቀው እሳት

ሰይዶዬ፣

ይመር ነው። ሌላ ሰው አልወቅስም። ሐኪሞቹንም፣ በሽታውንም፣ ለጊዜው አንተንም እተዋለሁ። ከደሴ ጀምሮ እንደ ታናሽ ወንድም ከጎንህ ያልጠፋው፣ በየዒዱ ገበታዬ ላይ የተቀመጠው ይመር ነው። ስሙን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ወደ መሐል ስደርስ ልቤ እንዳይራራለት ብዬ ነው።

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው በረዶ ወርዷል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ የምነግርህ አጥቼ አይደለም። ከሶላት በኋላ እንደተቀመጥኩ ሁሉንም በቃሌ እነግርህ ነበር፤ ይበቃል ብዬ ነው። ባለፈው ሳምንት የሰማሁት ግን በአፌ አልወጣ አለኝ።  ስለዚህ አንተ ባስተማርከኝ ፊደል እሞክረዋለሁ። ጽሑፉ ቢጣመም ታገሰኝ።

ፊደሉን የት እንዳስተማርከኝ ታስታውሳለህ? ልጃችን ሙና ኮሌጅ ከገባች በኋላ «ቤት ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ» ብለህ በጭነት መኪናህ ይዘኸኝ ትዞር በነበረ ጊዜ ነው። መጋዘን በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ መስኮቱን በትንፋሽህ ታደበዝዘውና በጣትህ ትጽፍልኝ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት «ሰ»ን ከ«ለ» ስታምታታ አልሳቅክም። መጀመሪያ ከድጃ ብዬ ስሜን የጻፍኩ ቀን ዕቃ የሚያወርዱትን ሰዎች ጠርተህ መስኮቱን አሳየሃቸው። ምን እንደተጻፈ አላወቁም፤ ፊትህን አይተው አጨበጨቡ።

እዚህ ኮለምበስ፣ ሂልቶፕ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። በረንዳውን ቀለም አስቀባሁት። አስሜ በብርድ ጊዜ ይነሳብኛል፣ መድኃኒቱ ግን ከአጠገቤ አይጠፋም። ሙና ፖላሪስ አካባቢ ጥሩ ሥራ ይዛለች፤ እሑድ እሑድ ትመጣለች። አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። አንተ ስትኖር ተሸማቅቃ አንድ ሁለት ቃል ትጨምር ነበር፣ አሁን እሱም ቀርቷል። በኮሮና የተዘጋው መስጊድ ተከፍቷል። ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል፤ መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ።

ያልለመድኩት ያንን መኪና ነው።

ኮሮና የገባ ዓመት፣ በጋው ላይ ነበር የመጣው። መስጊድ ተዘግቷል፣ ሐጅ ቀርቷል፣ ሰው ሰውን ይሸሻል። ይመር እንደምታውቀው ከጨረታ እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው። አንድ ቀን በጓሯችን በኩል አውቶቡስ የሚያህል ነገር እየነዳ ከተፍ አለ። ሞተርሆም ነው አለን፤ ቤትም መኪናም፣ ሀብታሞች ጡረታ ሲወጡ አገር የሚዞሩበት። የቆዳ ወንበር አለው። ወጥ ቤቱ ከኔ ወጥ ቤት ያበራል። ቁልፍ ሲጫኑ ግድግዳው ወደ ውጭ ተንሸራቶ ሳሎኑ ይሰፋል። ከቴሌቪዥኑ ሥር ደግሞ መስታወት ውስጥ እሳት ይነድዳል። ይመር እሳቱን እያሳየኝ «እትዬ ከድጃ፣ ቤተ መንግሥት ነው፣ ልዩነቱ ጎማ ያለው መሆኑ ነው» አለ። እኔ ቤተ መንግሥት ምን ይሠራልናል ብዬ ነበር። አንተ ግን ዕድሜህን የሰው ዕቃ ስትጭን የኖርክ ሰው ነህ፤ መሪው ላይ ተቀምጠህ «አሁን ጭነቴ አንቺ ነሽ» አልከኝ። ከዚያ በኋላ ምን ልል እችላለሁ።

አንድ ጊዜ ነው የሄድንበት፣ ወደ ሐይቁ። ውሃው ዳር ደርሰን ግድግዳው ተንሸራቶ ከወጣ በኋላ አልመለስ አለ። አንተ ከውስጥ እየሳብክ እኔ ከውጭ እየገፋሁ፣ ጎረቤት የሰፈሩት ነጮች ቢራቸውን ይዘው ሲያዩን፣ በመጨረሻ በነጠላ ጫማዬ ሞተሩን ብመታው ተመለሰ። ሳቅህ እስከ ማዶ ተሰማ። ስንመለስ መወጣጫው ደረጃ አልታጠፍ ብሎ እስከ ኮለምበስ ተንጠልጥሎ መጣ። ይመር ትንሽ ነገር ነው፣ ሁሉንም ከብርዱ በፊት አስተካክላለሁ አለ። በእጁ ትከሻህን መታ አድርጎ ነው ያለው። አስታውሳለሁ።

ከዚያ ብርዱ መጣ፣ አንተም እየሳልክ ከሥራ መጣህ። በሩ ጋ ቆመህ ቤት አልገባም አልከኝ። እኔ አስም አለብኝ፤ ቤቱ ጠባብ፣ መታጠቢያው አንድ። እዚያው ጓሮ ሞተርሆሙ ውስጥ እተኛለሁ፣ ሲሻለኝ እገባለሁ አልክ። ጭንቀት ሳይሆን እፎይታ ነበር የተሰማኝ። ይሄን የመሰለ አልጋ፣ ይሄን የመሰለ ቤት፣ ለካ ለዚህ ቀን ነው የተገዛው ብዬ አላህን አመሰገንኩ። ሾርባውን ደረጃው ላይ አስቀምጬልህ እመለሳለሁ፣ አንተ ከፍተህ ትወስዳለህ። ከዚያ በስልክ እናወራለን። ሞቆሃል ወይ እልሃለሁ። አልሐምዱሊላህ ትለኛለህ። ሲመሽ ከወጥ ቤቱ መስኮት አይሃለሁ፤ መጋረጃው ላይ እሳቱ ቀይ ሆኖ ይወዛወዛል። እሳቱን ካየሁ በኋላ ነበር የምተኛው።

አምቡላንሱ ሲመጣ በእግርህ ነው የወጣኸው። እጅህን አወዛወዝክልኝ። ከዚያ ወዲያ ያየሁህ በሙና ስልክ ላይ ነው።

እንዳልቀብርህ፣ እንዳላይህ፣ ጀናዛህን እንዳልሸኝ ሁሉ ነገር ሲከለከል አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰይድ የመጨረሻ ቀኖቹን በገዛ ቤቱ ደጃፍ በደህና ነው ያሳለፈው፣ እሳት አጠገብ በቆዳ ወንበር ተቀምጦ። ለቅሶ የደወለልኝን ሁሉ እንዲህ እያልኩ እኔ ነበርኩ የማጽናናው። በዚህ ነው ዓመቱን የገፋሁት።

ስለዚህም ነው ያንን መኪና አልሸጥም ያልኩት። ሙና ሽጪው፣ ሽጪው አለችኝ። «ማሚ፣ ኢትስ ኪሊንግ ዩ» ትላለች፣ እየገደለሽ ነው ማለቷ ነው። እውነቷን ነው። ያንተን ሐዘን ልቀመጥ ብል አያስቀምጠኝም። አንተ በሄድክበት በዚያው ብርድ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ትተህ ነበርና በረዶ ሆኖ ፈነዳ፤ በረዶው ሲቀልጥ የሳሎኑ ምንጣፍ ረግረግ ሆነ። ውሃው ከብርድ በፊት መፍሰስ እንዳለበት የነገረን ሰው የለም። ቧንቧው ሲሠራ ባትሪዎቹ ሞቱ። ባትሪ ሲቀየር ግድግዳው ወጥቶ አልገባ አለ፣ በነጠላ ጫማ ብመታውም አልሰማኝ አለ። ጣሪያው አልጋህ ላይ ማፍሰስ ጀመረ፤ ፍራሹን አንሥቼ ሳፋ አስቀመጥኩበት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሳፋ ልደፋ እሮጣለሁ። አይጥ ገብቶ ሽቦ በላ። መወጣጫው ደረጃ ራሱ ወጥቶ ቅልጥሜን መታኝ፤ ሳምንት አነከስኩ።

የሚሠራው ሰው ማግኘትማ ሌላ መከራ ነው። የከባድ መኪና መካኒኮቹ ጋ ስንደውል እኛ ሞተር እንጂ ቤት አንሠራም ይላሉ። የቤት ጠጋኞቹ ጎማ ያለው ነገር አንነካም ይላሉ። የሞተርሆም ጋራዥ የሚባሉት ደግሞ ወረፋ አለ፣ ዕቃው ከፋብሪካ አልመጣም፣ ኮሮና ነው፣ በሚቀጥለው ወር ደውይ ይላሉ። በሚቀጥለው ወር ስደውል ሌላ ሰው ያነሳና ስሜን እንደገና ፊደል በፊደል ይጠይቀኛል። ሀብታሞቹ በዚህ ነገር እንዴት ይዝናናሉ እያልኩ እገረማለሁ። ምናልባት እነሱ የሚዝናኑት አንድ ሰው ቀጥረው እሱ እያለቀሰ ነው።

ቢሆንም አላቆምኩም። ሌላው ሰው መቃብር ይጎበኛል፣ ጎማ ያለው ቤት የሚጠግን የለም፤ እኔ ግን እሱን ስጠግን አንተን የማስታምም ይመስለኝ ነበር። ጁምዓ ጁምዓ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ያሲንን በስልክ ከፍቼ እሰማለሁ። ያቺን የተኛህባትን ቦታ ሙቀትህ ገና ያልለቀቃት ይመስለኛል።

ይመር በነዚህ ጊዜያት ሁሉ ይመጣ ነበር። ዒድ ሲሆን ሥጋ ይዞ፣ ሌላ ጊዜ ባዶ እጁን። ሞተርሆሙን ልይልሽ ይልና ዞሮ ዞሮ ጎማውን በእግሩ መትቶ ወደ ቤት ይመለሳል። አንድም ቀን ግን በሩን ከፍቶ ውስጥ አልገባም። ሐዘኑ ነው ብዬ አዘንኩለት። «ይመር የሰይድን ቦታ ማየት አልቻለም» ብዬ ለሙና ነግሬያታለሁ። እሷም አዝናለች።

ባለፈው ሳምንት በስንት ልመና ቤት ለቤት እየዞረ ሞተርሆም የሚሠራ ሰውዬ ተገኘ። ነጭ ጢም ያለው፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሙና ልታስተረጉምልኝ መጣች። ጣሪያውን ደፈነው። ግድግዳውንም አስገባው፤ እያለቀስኩ አመሰገንኩት። ከዚያ ብርዱ መጥቷልና እንደ አምናው ቧንቧው እንዳይፈነዳ ማሞቂያው መሥራቱን ይይልኝ አልኳት። ሰውዬው ከውጭ በኩል አንድ ክዳን ፈታ።  ከዚያ እጁን አስገብቶ ጭቃ አወጣ፤ ተርብ የሠራው ቤት ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ከኋላው ያለው ሽቦ ጠቁሮ ቀልጧል።

ሰውዬው ሲናገር ሙና እኔ በሚገባኝ ቀላል እንግሊዝኛ እያስተረጎመች ነበር። ይህ ማሞቂያ ከብዙ ዓመት ወዲህ ነድዶ አያውቅም አለ አለችኝ። ተሳስቷል በይው አልኳት። ባሌ አምና በብርዱ እዚህ ውስጥ ነበር፣ እሳቱ ሲነድድ በዓይኔ አይቻለሁ በይው። ነገረችው። ሰውዬው ወደ ውስጥ ገባና ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን ቁልፍ ተጫነ። እሳቱ ተነሳ። ቀይ፣ ልክ እንደማውቀው። ከዚያ እጄን በጨዋነት ያዘና መስታወቱ ላይ አስቀመጠው።

መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።

ሰውዬው ቀስ ብሎ ያስረዳ ጀመር። ይሄ እሳት አይደለም፣ መብራት ነው። ሥሩ ትንሽ ማሞቂያ አለው፣ ግን ብዙ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ከቤት በተዘረጋ ተራ ገመድ ቢያበሩት የቤቱን መብራት ያጠፋዋል፣ ማንኛውም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቢሰካ ያው ነው። ብቻውን የሚበራው መልኩ ነው። ሙና እስከዚህ ድረስ አስተረጎመችና አቆመች። ሰውዬው ይናገራል። ከዚያ ልጅህ ወደኔ ዞራ፣ እንደ ትንሽነቷ በአማርኛ፣ «እማ፣ አባባ በርዶት ነበር» አለችኝ።

ሰይዶ፣ ያን ጊዜ ያልተረዳሁት ነገር ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። አንተ ሞተርሆሙ በገባህ ሰሞን አንድ ማታ የወጥ ቤቴ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ። ምድር ቤት ወርጄ ቆጣሪውን መልሼ ደውዬ ነገርኩህ፤ ቤተ መንግሥትህ ፍሪጄን አጠፋው ብዬ ቀለድኩብህ። ሳቅክ፣ አሳለህ፣ ሁለተኛ አይደገምም አልከኝ። አልተደገመም። ሞክረህ ትተኸው ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያችን መልክ ብቻ፣ ያችን የማታሞቀውን፣ ሲመሽ ታበራልኝ ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ እንደማይህ ታውቃለህና።

ሞቆሃል ወይ ስልህ አንድም ቀን አዎ ብለኸኝ አታውቅም። መልስህን አንድ በአንድ መልሼ አስታወስኩት፤ አልሐምዱሊላህ ብቻ ነበር የምትለኝ። አልዋሸኸኝም። የሚያመሰግን ሰው ይሞቀዋል ብዬ የተኛሁት እኔ ነኝ።

ለይመር የደወለችለት ሙና ናት። መጣ። የዚያን ቀን ገና ከበሩ እንደደረሰ ፊቴን አይቶ ጫማውን ሳያወልቅ ቆመ። ስለ ማሞቂያው ያውቅ እንደነበር ጠየቅሁት። ያውቃል። ለኛ ሲሸጥ ጀምሮ ያውቃል፤ በጋ ስለነበር ማን ይሞክረዋል፣ ከብርዱ በፊት አሠራዋለሁ ብሎ ነው። ዕቃው ጠፋ፣ ጊዜው አለፈ፣ አንተ ታመምክ። የመጀመሪያውን ቀን ደውለህ ማሞቂያው እንዴት ነው የሚበራው አልከው። እሱም እያለቀሰ ነገረህ። ና እትዬን ልንገራትና ቤት ግባ አለህ። እምቢ አልክ። ለከድጃ ብትነግራት ትከፍትልኛለች፣ ከከፈተችልኝ ትሞታለች አልከው። ብርድ ልብስ አምጣልኝና ዝም በል አልከው። እሱም ሦስት ብርድ ልብስ አምጥቶ በጓሮ በኩል አቀበለህ። ያን ጊዜ ጓሮ ሳየው ሾርባ ነው ያመጣሁለት ብሎኝ ነበር።

ሌላ ቦታ አትወስደውም ነበር ወይ አልኩት። ሆቴል፣ ያንተ ቤት፣ መኪናህ ውስጥ፣ ማሞቂያ ያለው የትም። ልጆች አሉኝ፣ ፈርቼ ነበር አለኝ። ይሁን፣ ያን ጊዜ ሁሉም ፈርቷል። ከዚያ በኋላስ አልኩት? ዓመት ሙሉ የመጨረሻ ቀኖቹን እሳት አጠገብ ነው ያሳለፈው እያልኩ ሳወራ አጠገቤ ተቀምጠህ ሩዝ ስትበላ፣ ከአፍህ አንዲት ቃል እንዴት አልወጣችም? ይመር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አማና ነበር፣ እትዬ» አለኝ።

አማና። እኔና አንተ ባደግንበት አገር ሰው አማና ከተቀበለ አበቃ፤ ቢታረድ አያወጣም። አንድ ጊዜ አንተ ራስህ ወንድምህ መሞቱን ለእናትህ እንዳትነግር አማና ተብለህ ሁለት ዒድ ሙሉ ሰላም ብሎሻል እያልክ ስትደውልላት አይቻለሁ። ያን ጊዜ ደግነት መስሎኝ ነበር። አሁን ግን በኔ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አየሁት። ሁለታችሁ ተማምላችሁ እኔን የሞቀ ቤት ውስጥ ቆልፋችሁብኝ ኖራችኋል። በሩን ብትከፍት ትሞት ነበር ብላችሁ ፈረዳችሁ። ሞቼስ ቢሆን? ማን ጠየቀኝ? ድርብ ጋቢ አለኝ። የምድር ቤቱ ክፍል ነበር፣ መስኮት መክፈት ነበር፣ አፌን መሸፈን ነበር፣ እኔ ራሴ መኪናው ውስጥ ገብቼ አንተን ቤት ማስተኛት ነበር። አንድ ሌሊት ተማክረን ቢሆን ከነዚህ አንዱን እናገኝ ነበር። ሐኪሙ የገደለው በሽታው ነው ብሏል፣ ብርዱ ነው አልልም። ግን ያ ሁሉ ቀን በርዶህ ነበር፣ እኔም ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ተሸፋፍኜ ተኝቼ ነበር።

ይመር ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ማሞቂያውን በራሱ ሊያሠራ፣ መኪናውን እንደ አዲስ ሊያደርገው፣ ዓፍው በይኝ ብሎ። ሽማግሌዎቹን ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ስለ ይቅርታው ለአላህ ትቼዋለሁ፣ ከኔ አይጠብቅ አልኳቸው። ስለ መኪናው ደግሞ ሙና ዛሬ ጠዋት ጎታች ጠርታ አስወሰደችው። ሲወጣ በጓሯችን መተላለፊያ ግድግዳው ራሱ ወጥቶ የጎረቤትን አጥር ቧጨረ። ጎታቹ በነጠላ ጫማ የሚመታለት አጥቶ በገመድ አሰረው። የነበረበት ቦታ ላይ ሣሩ ሞቶ፣ ምድሩ ራቁቱን ቀርቷል። ለብዙ ጊዜ አየሁት።

አስታውስሃለሁ ሰይዶ። በሕይወት እስካለሁ አስታውስሃለሁ። ግን እንደ ድሮው በቆዳ ወንበር ላይ አድርጌ አይደለም። ጃኬትህን ለብሰህ፣ ሦስት ብርድ ልብስ ተከናንበህ፣ እጅህን ብብትህ ውስጥ አድርገህ ሱብሒ ስትሰግድ ነው የማስታውስህ። ይመራል፣ ግን አንተ ነህ። ቢያንስ አሁን የነበርክበትን አውቃለሁ።

ይህን ስጽፍልህ ዘይነባ ደወለች፤ ከኛ በታች የምትኖረው፣ መስጊድ አብረን የምንሄደው። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ለልጄ እንዳትነግሪብኝ፣ ሥራ ላይ ነው፣ ይጨነቅብኛል፣ አማና አለችኝ። ድሮ ብሆን እሺ ብዬ አብሬያት አልቅሼ ስልኩን እዘጋ ነበር። አሁን ግን አልቀበልም አልኳት። ተቆጣች፣ አለቀሰች፣ ወላሂ አላናግርሽም አለችኝ። ጆሮዋ ላይ ከዘጋሁባት በኋላ ለልጇ ደወልኩለት። ዛሬ ማታ ሐኪም ቤት ይወስዳታል። ትቀየመኝ፣ ዕድሜ ልኳን ትቀየመኝ።

እኔ ከእንግዲህ የማንንም ሕመም ከወዳጁ አልደብቅም።

ከድጃ